ድምፅሽ ስልኬ ውስጥ አለ፦ የምስጋና መልእክት

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ፈተናዬን ጨረስኩ። 22 ዓመቴ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር እንዳለብኝ ያወቅኩት ግን ገና ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። እዚህ ያደረሳችሁኝን ሰዎች በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

መምህሬ፣ በቅድሚያ እርስዎን። ቢሮ ጠርተው "በቃል ስትመልስ የምሰማውና ወረቀትህ ላይ የማነበው የአንድ ሰው አይመስለኝም" አሉኝ። እንደ ሌላው ሰው "ጠንክረህ አጥና" አላሉኝም። "ተመርመር" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰነፍ ስባል ነው የኖርኩት፤ እኔም አምኜ ተቀብዬው ነበር። በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው አንድ ብሩህ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። የልጁ መምህር ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዝ እሱ ይሆን እንደነበር መስክሮለታል። ያን ሳነብ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የመረመሩኝ ባለሙያ፣ እርስዎንም። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ደርድረው "አንብብ" ያሉኝን ቀን አልረሳውም። የእውነት ቃል ሲሆን ከዓረፍተ ነገሩ ገምቼ አልፋለሁ። እነዚያን በምን ልገምት? አምስተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ። ችግሩ የዓይን እንዳልሆነ፣ የማሰብ ችሎታም እንዳልሆነ፣ አእምሮዬ ፊደልን ከድምፁ ጋር ለማገናኘት እንደሚቸገር በእርጋታ አስረዱኝ። አለቀስኩ። ቸኩለው "አይዞህ" አላሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከበዱኝ። እፎይታ ነበር፣ ንዴትም ነበር። ያለፉት ዓመታት ቆጩኝ። ጓደኞቼ፣ ስልክ ሳላነሳ ስከርም ስላልተቀየማችሁኝ ተባረኩ።

እማዬ፣ ይህን የምጽፈው ፈቅደሽልኝ ነው። ዲስሌክሲያ በቤተሰብ ውስጥ ሊወረስ እንደሚችል ስነግርሽ ዝም አልሽ። ደብዳቤ ሲመጣ ሁልጊዜ "መነጽሬን ረሳሁ፣ አንብቡልኝ" ትይ ነበር። መነጽርሽ ግን አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ማታ "እኔም እኮ እንዳንተው ነኝ" አልሽኝ። ስንት ዓመት ብቻሽን ተሸክመሽው ኖርሽ! ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ።

እህቴ፣ አንቺን መጨረሻ ያደረግኩሽ ምስጋናሽ ስለሚበዛብኝ ነው። ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ የመማሪያ መጽሐፎቼን እያነበብሽ በስልክ ትቀጂልኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንደማጭበርበር ነበር የምቆጥረው። ለማንም እንዳትናገሪ አስምዬሻለሁ። ለባለሙያዋ እያፈርኩ ስነግራቸው ግን "ይህማ እኛ የምንመክረው ድጋፍ ነው" አሉኝ። መጽሐፍን በድምፅ መስማት፣ በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ማግኘት፣ እንደ እኔ ላለ ተማሪ የሚሰጡ የታወቁ ድጋፎች ናቸው። ለካ አንቺ ስሙን እንኳ ሳናውቀው ጀምረሽው ነበር።

አሁን ጽሑፍ የሚያነብልኝ መተግበሪያ አለኝ። ያንቺን ቅጂዎች ግን አንዱንም አላጠፋሁም። የምወደው፣ ምዕራፉ መሃል ላይ አዛግተሽ "ቆይ፣ መስመር ዘለልኩ" ብለሽ እንደገና የጀመርሽበትን ነው። የመጨረሻው ፈተና ጠዋትም እሱን እየሰማሁ ነው የገባሁት።