ድምፅሽን ለማንም አትስጪ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽንም ሳሉ ለቆታል፤ እንዳትጨነቂ።

ይሄን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ከሆነ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ብለሽ ቶሎ ትዘጊብኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አክስትሽ ትናንት ሁሉንም ነገረችኝ። እሷን አትቆጪያት፣ ጨቅጭቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ፊልሙን ማግኘትሽን ስሰማ እልል ነው ያልኩት፤ አባትሽ ደንግጦ ከመኝታ ቤት ወጣ። ከዚያ ግን ቀጠለች። የትወና ትምህርቱን አቁመሻል አለችኝ። ዳይሬክተሩ "አንቺ የተፈጥሮ ነሽ፣ ትምህርት ያበላሽሻል" ብሎሻል። ንግግርሽን ደግሞ በኋላ ሌላ ሴት ትተካዋለች፣ አንቺ ፊትሽን ብቻ ይዘሽ ነይ ተብለሻል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ልጄ፣ ድምፅሽን አትስጪ።

የሞዴልነት ሥራሽን የናቅኩ እንዳይመስልሽ። በዚያ ጠባብ ጫማ ቆመሽ ውለሽ ማታ እግርሽን ለብ ባለ ውኃ ስትነክሪ ያየሁት እኔ ነኝ። ከየካስቲንጉ "አትሆኚንም" ተብለሽ ስትመለሺ፣ በማግስቱ ተነስተሽ እንደገና ስትሄጂም አይቻለሁ። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ካሜራ አትፈሪም። ይሄ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ተዋናይ የለውም።

ግን ፊልም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ለፎቶ የምትፈለገው አንዲት ቅጽበት ናት፤ ሌንሱን አንቺ ትፈልጊዋለሽ። ፊልም ላይ ደግሞ ሌንሱን እርሺው፣ አብሮሽ የሚጫወተውን ስሚ ትባያለሽ። አንዱን ትዕይንት ከሩቅ፣ ከመሃል፣ ከቅርብ ደጋግመው ይቀርጹታል። ኩባያውን በየትኛው ቃል ላይ እንዳነሳሽ ማስታወስ አለብሽ፤ አለዚያ ቅንብሩ ላይ አይገጥምም። ይሄ ሁሉ በመልክ አይሆንም። መምህርሽ "አሁንም ፎቶ እየተነሳሽ ነው" ያለሽ ቀን እያለቀስሽ ደወልሽልኝ። እኔ ግን እውነቱን የሚነግርሽ ሰው በማግኘትሽ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱን ትተሽ ነው እንግዲህ "የተፈጥሮ ነሽ" የሚልሽን የሰማሽው።

አንዲ ማክዶዌልን ታውቂያታለሽ? ሞዴል ነበረች። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) በ1984 የወጣ የታርዛን ፊልም ላይ ትልቅ ቦታ አገኘች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ግን ከአፏ የሚሰማው የሌላ ተዋናይት፣ የግሌን ክሎዝ ድምፅ ነበር። የሷ አነጋገር የአሜሪካ የደቡቡ ክፍል ቅላጼ ስላለው አልፈለጉትም። እስቲ አስቢው፣ እናት አባትሽን፣ እኛን ሁሉ ይዘሽ ሲኒማ ገብተሽ፣ ስክሪኑ ላይ አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ የምትናገረው ሌላ ሴት። እሷ ግን ተመልሳ ትወና ተማረች። በ1989 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ባገኘው ፊልም ውስጥ በዚያው በናቁባት ቅላጼ ተናገረች፣ ሰዉም ሰማት። ሞዴልነቱንም አልተወችም። አየሽ፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለብሽም።

የድሮዋ የሆሊውድ ተዋናይት ሎረን ባኮልም እንደዚሁ። በ1943 የሃርፐርስ ባዛር መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ የዳይሬክተሩ የሃዋርድ ሆክስ ሚስት አይታ ለባሏ አሳየችው። እሱም ፊቷ በቃኝ አላለም። ድምፅሽን አወፍሪው፣ ዝቅ አድርጊው ብሎ አሠራት፤ ጮክ ብላ እያነበበች ተለማመደች። ቀረጻ ላይ በፍርሃት አገጯ ሲንቀጠቀጥባት ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ይዛ ከሥር ወደ ላይ ታይ ነበር፤ በኋላ ዓለም ሁሉ የወደደላት ያ አስተያየት ከዚያ መጣ። ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። እና ከዚያ ሽፋን በፊት ትወና ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ ይሄን የሚያነሳ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ። ሳሎን የተሰቀለው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሼ መድረክ ላይ የቆምኩበት ፎቶ። እንግዳ ሲመጣ "እማ ተዋናይት ነበረች" ትያለሽ፤ ደስ ስለሚልሽ ዝም እላለሁ። በዚያ ቲያትር ላይ አንድም ቃል አልነበረኝም። በመልኬ ነው የተመረጥኩት። እገባለሁ፣ መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ፣ እወጣለሁ። አንድ ቀን መሪ ተዋናይቷ ታመመች። አዘጋጁ ጽሑፉን ሰጠኝና በይ ሞክሪው አለኝ። ጽሑፉ አላስፈለገኝም። በየምሽቱ ስሰማው ከነትንፋሹ በቃሌ ይዤዋለሁ። ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቀጭን ትንፋሽ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው አዘጋጅ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "እ?" አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። "እ?" ከዚያ ልብስ የምታለብሰንን ልጅ ጠሩ፤ አጭር፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት። ለካ ማታ ማታ ትማር ኖሯል። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትል መብራት የሚያስተካክሉት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። ቀሚሱን እኔ ነኝ አውልቄ የሰጠኋት፤ ስለረዘማት ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። በሷ አልቀናሁም። የሚያንገበግበኝ፣ ቃሉ ሁሉ ውስጤ ነበር። አንድም ሳይቀር።

እና አሁን አንቺን ፊትሽን ብቻ አምጪ ሲሉሽ እንዴት ዝም ልበል?

ኮንትራቱን አልፈረምሽም አይደል? እንዳትፈርሚ። መጀመሪያ ስለ ድምፅሽ ምን እንደሚል እዪ። ሊተኩት ከፈለጉ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁሽ፤ በቃል የተባለ ነገር በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ፊትሽንና ድምፅሽን በኮምፒውተር ስለ መቅዳት የተጻፈ ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቢው። የአሜሪካ ተዋንያን በ2023 ከሐምሌ እስከ ኅዳር ሥራ ያቆሙበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነበር፤ ያለ ፈቃዳችንና ያለ ክፍያ ቅጂያችንን አትጠቀሙ ነው ያሉት። እነዚያ ስመ ጥሮቹ ከጠየቁ አንቺ መጠየቅ አያሳፍርሽም። የሞዴል ኤጀንሲሽ ውልም አለ። ከፊልም ገቢሽ ይቆርጣል ወይ? ፀጉርሽን ያለ ፈቃድ አትቁረጪ የሚልስ የለበትም? ዳይሬክተሩ ለገጸ ባሕርይዋ ፀጉርሽን ላሳጥረው ቢል ከሁለት ያጣ ትሆኛለሽ።

ደግሞም የግል ልምምድ ነው እያለ ለብቻሽ ክፍል የሚጠራሽ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትሂጂ። አክስትሽን ይዘሽ ሂጂ። ካልፈለገ ይተወው።

ዕድሉ ያመልጠኛል ትያለሽ። አያመልጥሽም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቲ ላውደር ፊት ስትሆን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፤ ያ ሁሉ ስም ኖሯት እንኳን ፊልም ላይ በትንንሽ ቦታ ጀምራ ነው በ2009 መሪ ሆና የመጣችው። አሜሪካዊቷ ሬኔ ሩሶ በ1970ዎቹ የቮግ መጽሔት ሽፋን ላይ ነበረች፤ የመጀመሪያ ፊልሟ የወጣው በ1989፣ ሠላሳዎቹን አጋምሳ ነው። በመሃል ተምራለች። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ምን ያጣድፍሻል?

ዳይሬክተሩን በጨዋ ቋንቋ አናግሪው። አትቆጪ፣ አታልቅሺም። "ንግግሩን የምለማመድበት ጊዜ ስጠኝ፣ ከቀረጻ በፊት ስማኝና ወስን" በይው። ሰምቶ አልወድም ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይሰማሽ ግን አይሆንም። ሳይሰማሽ ድምፅሽን አትስጪ፣ የኔ ቆንጆ። ቆንጆ ስልሽ ደግሞ መልክሽን ብቻ እንዳይመስልሽ።

ኮንትራቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ ላኪለት፤ ጥግ ጥጉ እንዳይቆረጥ። ሕግ የሚያውቅ ጓደኛውን አናግሮልኛል፣ እሑድ ያየዋል። ከዚያ በፊት እስክሪብቶ አታንሺ። የትምህርቱን ክፍያ እኔና አባትሽ ተነጋግረንበታል፤ አታስቢበት፣ የምትመለሺበትን ቀን ብቻ ንገሪን። ጉልበትሽንም ሐኪም ሳያይልሽ ያንን የሩጫ ትዕይንት እንዳትቀረጪ።

እናትሽ