ነጭ ኦርኪድ ከጎኑም ፎቶ ይነሣ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የወጣው የጫካ ኦርኪድ ፎቶ ያምራል፤ ከሥሩ የተጻፈው «አኤራንጊስ ብራኪካርፓ» የሚለው ስም ግን ከፎቶው ብቻ ሊረጋገጥ አይችልም። አበባው የተነሣው ፊት ለፊት ነው። «አኤራንጊስ» የወገኑ የጋራ ስም ነው፣ «ብራኪካርፓ» ደግሞ የአንዱ ዝርያ፤ ነጫጮቹ አኤራንጊሶች ፊት ለፊት ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ዋናው መለያ ከኋላ የተንጠለጠለው ጭራ ነው።

ጭራው ከአበባው ከንፈር ሥር የሚወጣ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ ይይዛል። ማታ በመዓዛው ተስቦ የሚመጣ ትልቅ የእሳት እራት ረጅም ምላሱን የሚሰደው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ርዝመቱ እንዲያው ጌጥ አይደለም። በአገራችን ደኖች የሚበቅለው ብራኪካርፓ ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጭራ አለው። ኮንፉሳ የተባለው የኬንያ አኤራንጊስ በመልክ ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ ጭራው ግን ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የተሰጠው «ኮንፉሳ» የሚለው ስም ራሱ «የተምታታ» ማለት ነው።

ሲለካ ማስመሪያ ብቻውን ያሳስታል። ጭራው ስለሚጠማዘዝ በቀጥታ የተለካ እንደሆነ ያጥራል። ከአፉ እስከ ጫፉ ክር አስተኝቶ ክሩን መለካት ይሻላል። እንቡጡን መለካት አይረዳም፣ ገና አላደገም፤ የጠወለገውም ተኮማትሯል። ጫፉ ድፍን መሆኑን ማየትም ያስፈልጋል፤ ክፍት ከሆነ ተሰብሯል ማለት ነው፣ ያኔ ብራኪካርፓው በስሕተት ሌላ ስም ያገኛል። ከአንድ ዘለላ ሁለት ሦስት አበባ መለካት ይበቃል።

ጭራውም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። እዚሁ አገር የሚገኘው ሌላው አኤራንጊስ፣ ቶምሶኒ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጭራ ስላለው ከብራኪካርፓ ጋር ይደራረባል። እዚህ ላይ ወደ ግንዱ ማየት ነው፦ የቶምሶኒ ግንድ እስከ አንድ ሜትር ይረዝማል፣ ቅጠሎቹም በግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ የብራኪካርፓ ግንድ አጭር፣ ቅጠሉም ወደ ጫፉ ሰፋ ያለ ነው። በቀለም ብቻ የሚለየው ሮዶስቲክታ የተባለው አኤራንጊስ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ትበቃዋለች።

ስለዚህ ፎቶው ከፊትና ከጎን፣ ከማስመሪያ ጋር፣ ግንዱና ቅጠሉም ሳይቀር ይነሣ። ተክሉን ከዛፉ መንቀል አያስፈልግም። ለወጣው ፎቶ ግን «አኤራንጊስ» ብቻ ብላችሁ እርማት ብታወጡ ይሻላል።