ደመወዜን ወደ ሊትዌኒያው አካውንቴ አስገቡልኝ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና ለደመወዝ ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ነገር ሳላበዛ ልናገር። ወሩን ሙሉ ሠርቼ ደመወዜ አልገባም። በሥራዬ የመጣ ነገር የለም፤ ሰበቡ አካውንቴ ነው። ባንኬ ሊትዌኒያ ስለሆነ አይባኔ (ዓለም አቀፍ የአካውንት ቁጥሬ) በአገሩ ምልክት በ«ኤልቲ» ይጀምራል፣ እናንተ ደግሞ «የጀርመን አካውንት ብቻ ነው የምንቀበለው» አላችሁኝ።

እስቲ ፎርማችሁን እዩት። አይባን የሚሞላበት ቦታ ላይ የጀርመን ምልክት «ዲኢ» ቀድሞ ታትሞበታል፣ ቀጥሎ 20 ሳጥን አለ። ይህ ለጀርመን አይባን ብቻ የተሠራ ነው፤ የኔ ግን በ«ኤልቲ» ነው የሚጀምረው። የኔን የምጽፍበት ቦታ የለም ማለት ነው። ቢሮ ያለችውን እህት ስጠይቃት ኮምፒውተሩም «ዲኢ» ካልሆነ አያሳልፍም አለችኝ። እሷ ላይ አልፈርድም፣ የተሰጣትን ነው የምትሠራው። ሶፍትዌሩ ግን የድርጅቱ ነው፣ ማስተካከልም ያለበት ድርጅቱ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 260/2012 አንቀጽ 9 እንደሚለው፣ በዩሮ የሚከፍል ወገን ተቀባዩን «አካውንትህ እዚህ አገር ካልሆነ» ማለት አይችልም። ሊትዌኒያ የኅብረቱ አባል ናት፣ ከ2015 ጀምሮም በዩሮ ነው የምትጠቀመው። ወደ ውጭ መላክ ወጪ አለው መባሉም አያስኬድም፤ ባንክ በኅብረቱ ውስጥ በዩሮ ለሚላክ ገንዘብ ከአገር ውስጡ አስበልጦ ማስከፈል አይፈቀድለትም። ግብሩና የማኅበራዊ ዋስትናው መዋጮ እንደሆነ ገንዘቡ ከእናንተ ሳይወጣ ነው የሚቆረጠው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ «የጓደኛህን አካውንት ስጠንና በዚያ እናስገባልህ» መባሌ ነው። የላቤን ዋጋ በሰው ስም ለምን እቀበላለሁ? ነገ ጥያቄ ቢነሳ የሚጨነቀው እሱ ነው፣ ምንም በማያውቀው ነገር። የቤት ኪራይ ደግሞ እስከ ወሩ ሦስተኛ የሥራ ቀን መከፈል አለበት፤ ለአከራዬ «የመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር እምቢ አለ» ብለው አይሰማኝም። አገር ቤትም ከዚችው ደመወዝ ላይ የሚጠብቁኝ አሉ፤ እናንተም ሀበሾች ናችሁ፣ ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አልነበረብኝም።

ስለዚህ ደመወዜ በዚህ ሳምንት ይግባልኝ። ፎርሙም ይቀየር፣ ምክንያቱም አሁን የሚቀጠሩት ልጆች ብዙዎቹ በስልካቸው የከፈቱት አካውንት ነው ያላቸው፣ ነገ እነሱም እዚሁ ጣጣ ውስጥ ይገባሉ። አይሆንም ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ። ባድ ሆምቡርግ ከተማ ያለው ቬትቤቨርብስሴንትራለ (ያልተገባ የንግድ ውድድርን የሚከላከል ማኅበር) እንዲህ ያለ አቤቱታ ይቀበላል፣ ላልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ የሥራ ፍርድ ቤት አለ። እዚያ ድረስ እንድንሄድ አልፈልግም፣ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ካልተከፈለኝ እሄዳለሁ።

መልሳችሁን በኢሜይል እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሠራተኛችሁ