ቀዩ መስመር ወርቅ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። መቂ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ የወባ መመርመሪያ ይዤ አስራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ያለ ደም፣ ፈሳሹን ብቻ ጠብ አደረግኩበት። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀይ መስመር ብቅ አለ።

“ምንድን ነው ይሄ ቀይ?” አልኩ። ቀለም ነው አሉ። “ወርቅ ነው” ስላቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

“ቲቸር፣ ወርቅማ ቢሆን በነፃ ይሰጡን ነበር?” አለ አንዱ ከኋላ።

አልዋሸኋቸውም። መስመሩ የደቃቅ ወርቅ ቅንጣቶች ክምችት ነው። የወርቅ ቅንጣት ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር ድረስ ሲያንስ ቢጫነቱን ይተዋል። አረንጓዴውን ብርሃን ይውጣል፣ ለዓይናችን ቀይ ሆኖ ይታያል። ናኖሜትር ማለት የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንዲት የጸጉር ዘለላ ብቻዋን ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ትወፍራለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእረፍት ሰዓት የሚከቡኝ ልጆች በዝተዋል። “ይሄን የናኖ ትምህርት የት ነው የሚማሩት?” ይሉኛል። እኛ ጋ ጎበዝ ተማሪ ወይ ሐኪም ነው ወይ ኢንጂነር፤ ሌላ በር ያሳየው የለም። “ከባድ ነው” ብለው የሚሸሹም አሉ። ለእነሱ የሙንጂ ባዌንዲን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሃርቫርድ ገብቶ በመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ከ100 ያገኘው 20 ነበር፤ ከክፍሉ ጭራ። በ2023 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው ደግሞ ኳንተም ዶት የሚባሉት የናኖ ቅንጣቶች ሥራ ነው።

ሥራስ አለው? አገር ውስጥ ገና ጠባብ ነው፤ ይህንንም አልደብቃቸውም። ግን እዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የስንቱን ልጅ ጥርስ አበለዘ! ፍሎራይዱን የሚይዙ የናኖ ቁሶችን የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ ክፍል ጥርሷን በእጇ ከልላ የምትስቅ ተማሪ አለች። ኬሚስትሪ ላይ አንደኛ ናት።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የቁስ ሳይንስና ምህንድስና ያስተምራል። በዓመት አንድ ቅዳሜ ቤተ ሙከራቸውን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢከፍቱልን ምናለበት? ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ያድርስልን። የመኪናውን ነገር ከወላጆች ጋር ተመካክረን እንወጣዋለን፤ ምሳችንንም ቋጥረን እንመጣለን።

የኬሚስትሪ መምህር
ከመቂ