ለአዘጋጁ፦ ቃላትን ከዘመዶቻቸው ጋር እናስተምር

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ታፔላ የሚያነብ ተማሪ የከተማውን ስም አንዴ በሐመሩ ሐ፣ አንዴ በሃሌታው ሀ ተጽፎ ያገኘዋል። እንዲህ ባለበት ከተማ የቃል ጽሕፈት በ9ኛና በ10ኛ ክፍል እንደ ሕፃናት ሥራ ሲታይ ያሳዝነናል።

በሳምንት 8 ቃላት ይበቃሉ፤ ሲበዙ ለፈተና ተሸምድደው በማግስቱ ይረሳሉ። ቃሉ ከዘመዶቹ ጋር ይሰጥ፦ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት። ሁሉም በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ መጻፋቸውን ያስተዋለ ተማሪ ሌላውን ራሱ ያገኘዋል። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት። ኅን ከህ ጆሮ አይለይም፤ ስለዚህ መምህሩ ቃሉን ነጥሎ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያንብብ።

ሰኞ 10 ደቂቃ ይጻፍና ተማሪው ራሱ ያርም፤ ሐሙስ ያው ቃላት በሌላ ዐረፍተ ነገር ይመለሱ። የተሳተን ቃል 10 ጊዜ ማስገልበጥ አይጠቅምም፤ እጅ ይሠራል፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። የተሳተው ፊደል ብቻ ይሰመርበት፣ ቃሉ ይሸፈን፣ ከዚያ ከትውስታ ይጻፍ።

ለአዲስ ቃላት ደግሞ ጣና አጠገባችን ነው። ተማሪው «ደንገል» እና «ታንኳ» የሚሉትን ቃላት መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት በራሱ አማርኛ ይፍታቸው።

የአማርኛ መምህራን፣ ከባሕር ዳር