የቀፎዋ ነገር

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2017

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ሌላማ በምን አፌ እጀምራለሁ። ካወራን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔት ጠፋ፤ እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም። ሲመለስ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ እኔው ጠፋሁ። ሰው አንዴ ከዘገየ ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ የባሰ ይዘገያል። በዚያ ላይ ያንተ ዕዳ አለብኝ። የገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጥ። ደብዳቤውን ሳልዘጋ እነግርሃለሁ።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ ሰላም በልልኝ ብላለች። ትልቁ ልጅ በቁመት ሊደርስብኝ አንድ ጣት ቀርቶታል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ በቅሏል፤ አፏ ግን በመካከሉ አንድም ቀን አላረፈም።

ቀፎዋን፣ ያቺን የምናድርባትን ተሳቢ፣ ታስታውሳታለህ? ስትሠራ ፎቶ ልኬልህ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት የት እንደወሰደችን ግን በወጉ አላጫወትኩህም። ዛሬ ያን ላውራህ። ደግሞም የጣጣው ሁሉ መነሻ አንተ ነህ። ከዴንቨር ያንን ፎቶ ባትልክ ኖሮ ይኼኔ አርፌ ተቀምጬ ነበር። ትልልቅ ጎማ ያላት፣ ጀርባዋ ክብ፣ ድንጋይ ላይ የቆመች ትንሽ ተሳቢ። «ቅዳሜና እሁድ ተከራይተን ተራራ ላይ አደርን» ብለህ ጽፈህ ነበር። እኔም ስልኬን ይዤ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ብየዳው ሰውዬ ፎቶውን ቢያየው ቢያየው አልገባውም። «ለዳቦ መሸጫ ነው?» አለኝ።

በታኅሣሥ 2012 ተጀምራ አራት ሳምንት ፈጀች። ታቹ ቱቦላሬ ነው። ባሌስትራው ከአሮጌ ፒካፕ የወለቀ። ጎማዎቹ ከመኪናዬ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብዬ ተከራክሬ ነው ያስገጠምኩት፤ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይሆናላ። ላይዋ ላሜራ፣ ውስጧ ኮምፔንሳቶ። ሁለት ትልቅ ሰውና አንድ ሕፃን ተጣበው ይተኛሉ። ትልቁ ልጅ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው፣ «የእኔ ክፍል» ይለዋል። የኋላዋ ክዳን ወደ ላይ ሲከፈት ማድ ቤት ይሆናል። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ ለጀበናዋ ቦታ። ሰውዬው ከቀጭን ብረት ቀለበት ጠምዝዞ መደርደሪያው ላይ በየደላት። ጀበናዋ አንገቷ ድረስ ትገባበታለች። በዚህ ሁሉ ኮረኮንች ስንት ብርጭቆ ተሰብሯል፣ ያቺ ጀበና ግን ጫፏም አልተነካ። ከሥራው ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፣ ሐሳቡ የእኔ አለመሆኑ ነው እንጂ።

የተሳቢ ታርጋ ለማውጣት የተንከራተትኩትን አልነግርህም። ወረቀት ያልቅብኛል።

«ቀፎ» ያሏት የሰፈር ልጆች ናቸው። ክብነቷን አይተው ነው። ስሟ ጸና፤ አሁን ባለቤቴም «ቀፎዋን ቆልፈሃታል?» ነው የምትለኝ።

መጀመሪያ የወጣንባት ቀን ጥር 23፣ 2012 ነበር። ቅዳሜ ዋለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው፣ ወደ እንጅባራ። ሐሳባችን በዓሉን አይተን ዘንገና ሐይቅ ዳር ማደር ነበር። ደምበጫን አልፈን ቁልቁለት ላይ ትንሽ ፈጠን ስል ከኋላዬ የሆነ ነገር መኪናውን ወደ ግራ ጎተተው። ከዚያ ወደ ቀኝ። በመስታወት ሳያት ቀፎዋ ጅራቷን እንደ ውሻ ታወዛውዛለች። ፍሬን ብረግጥ ባሰባት። እግሬን ከነዳጁ አንስቼ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ በቀስታ በቀስታ ቆመች። ባለቤቴ ምንም አላለችም። የእሷን ዝምታ ታውቀዋለህ።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ማድ ቤቱ ጥግ፣ መጨረሻ ላይ ደርድሬያለሁ። 80 ኪሎ ከጎማው በስተኋላ ሲቀመጥ አፍንጫዋን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ አፍንጫዋ ጋንቾው ላይ፣ የመኪናው መጎተቻ መንጠቆ ላይ ማለቴ ነው፣ ካልከበደ ደግሞ ጅራቷ ይፈታል። ኋላ እንዳነበብኩት ከጠቅላላ ክብደቷ ከመቶ 10 እስከ 15 እጁ አፍንጫዋ ላይ ማረፍ አለበት። ለማርቆሱ እህል ነጋዴ ይህን ባስረዳው ሲስቅ ቆየ፤ ግን ሚዛኑን አዋሰኝ። የቀፎዋን አፍንጫ የጤፍ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ስለካ ሰው ከቦ ያይ ነበር። አሁን ውኃው ከጎማው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፤ ያን ቀንም እዚያው መንገድ ዳር ጀሪካኖቹን ወደፊት ብናዛውራቸው እስከ ዘንገና እንደ በግ ተከተለችን።

እንጅባራ ፈረሱ አስፋልቱን ሞልቶታል። ባለ ቀይ ጥለቱ፣ ባለ ዘንጉ፣ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው። ማኅበሩ ከ1932 ጀምሮ አለ፤ የአድዋን ፈረሶች ውለታ ለማስታወስ ነው የሚሉት። ማታ ከተማው መኝታ ሞልቶ ሰው በር ለበር ሲለምን እኛ አልጋችንን ጎትተን ወጣን። ምን ያህል እንደኮራሁ! ዘንገና ክብ ነው፣ ልክ እንደ ድስት። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው ይባላል። ዳሩን በጫካ ታጥሯል፣ ጦጣው ብዙ ነው። አንዱ ጦጣ ከባለቤቴ እጅ ሙሉ ዳቦ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጥቶ እያየን በላው።

እሳት ስናያይዝ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት መጡ። ሰላምታ ሰጡንና ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት።

«ማደሪያ አጥታችሁ ነው?»

«አይ አባቴ፣ እዚሁ ልናድር መጥተን ነው።»

«እዚህ ጫካ? ሕፃን ይዛችሁ?»

«ለመዝናናት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ቤቴ እዚህ ቅርብ ነው። እኔ ደጅ እንግዳ ሜዳ አድሮ ነገ ሰው ምን ይለኛል?»

በዚያ ሌሊት እንደምንም ለምነን እዚያው አደርን፤ ለእራት ግን ቤታቸው ሄደናል። ድንች ቅቅል በሚጥሚጣና የገብስ ጠላ። ከዚያ ወዲያ የሄድንበት ሁሉ እንዲሁ ነው። አንተ አገር ለማደሪያ ቦታ ከወራት በፊት ተመዝግቦ፣ ተከፍሎ ነው ብለኸኛል። እዚህ ችግሩ ሌላ ነው። ብቻህን ልሁን ብትልም አይተዉህም። «የመሸበት» ነህ፤ በቃ። ባለቤቴ እንዲያውም «ይቺ ቀፎ ቤት ሳይሆን የሰው በር ማንኳኪያ ናት» ትላለች። እኔ መጀመሪያ ይህ ያናድደኝ ነበር። ጸጥታ ፈልጌ ነበራ። ኋላ ቁርሱን ለሁለት ሰው ማብሰል ተውን፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

አንዴ ደግሞ ከአማኑኤል ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው እየሮጡ መጡ። ነጭ ቀለሟን አይተው የክትባት መኪና መስላቸዋለች። አይደለም ስንላቸው አላመኑንም። ባለቤቴ የልጁን ግንባር ዳሰሰችና ትኩሳት እንደሌለው ነገረቻቸው። ሲሄዱ አራት እንቁላል ሰጡን። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ጭቃውንም ልንገርህ። በሐምሌ 2014፣ ሉማሜ አካባቢ። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብዬ ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ አቆምኳት። ደረቅ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት መሬቱ ሊጥ ሆኗል። ጎማው ሲዞር ጭቃውን እየጠቀለለ ይወፍራል እንጂ አይንቀሳቀስም። የጎማ ነፋስ ቀነስኩ፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ምንም። በመጨረሻ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አምጥቶ ጠመዳት። መኪናዋን ሳይሆን ቀፎዋን ፈተን ለብቻዋ። በሬዎቹ እንደ ማረሻ ነው የጎተቷት። «ቀላል ናት፣ ማረሻ ትከብዳለች» አለኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። በክረምት መረሬ ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ጤነኛ መሆኑን ግን ጠይቆኛል።

ዓባይ በረሃ አንድ ጊዜ ብቻ ወርደናል፣ አልደግመውም። ቀፎዋ የራሷ ፍሬን የላትም። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተሳብን እንኳን ከኋላ ትገፋኝ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ የፍሬኑ ሽታ መኪናውን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጀን ገደሉ አፋፍ ላይ አቁመን ቁልቁል ማየት ይበቃናል።

አሁን ግቢ ውስጥ ናት። ከ2015 ክረምት ወዲህ የትም አልሄደችም። የመንገዱን ነገር ታውቀዋለህ፣ ምን እጽፍልሃለሁ። ጎማዎቹ ባንድ በኩል እንዳይጠፈጠፉ በድንጋይ አንስቼ አስቀምጫታለሁ። በየወሩ ጎማዋን በእጄ አዞራለሁ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ እቀባለሁ። ባለቤቴ «ለማን ሙሽራ ነው?» ትለኛለች። ትልቁ ልጅ መጽሐፉን ይዞ እዚያ ያጠናል። ትንሿ አርብ ማታ ሲሆን ፍራሿን ታነጥፍና «ዛሬ ዘንገና ነን» ትላለች። እኔም ከሳሎን ሻይ ይዤላት እሄዳለሁ። ጦጣውን መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ዳቦዋን ነጥቄ መሮጥ አለብኝ።

እሺ፣ ወደ ዕዳው።

በጥቅምት 2015 ጮቄ ወጥተን ነበር። ጅብራው እንደ ቆመ ሰው ጭጋጉ ውስጥ ተደርድሯል። አንዴ አብቦ ይደርቃል አሉኝ። ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ86 ዲግሪ ግድም ነው፤ ድንቹ ሁለት ሰዓት ተቀቅሎ ጠጣር ነበር። ጠዋት ጀሪካኑ አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። አንድ ሌሊት በቃን አልንና በማግስቱ ወደ ታች ወረድን። ረቡ ገበያ ደርሶ እናታችን ጋ ሳይገቡ ማለፍ ደግሞ የለም።

ቀፎዋን ሲያዩ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«የሚታደርበት ነው እማማ። ልጅዎ ነው ፎቶውን የላከልኝ።»

«ልጄ እንዲህ ባለ ውስጥ ነው የሚያድር?»

«ሁልጊዜ አይደለም። ቤት አለው። ለመዝናናት ነው።»

እንዳላመኑኝ ገባኝ። ጫማቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ገቡና ፍራሹ ላይ ጋደም አሉ። ኮርኒሱን በእጃቸው ዳሰሱት። «ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። ውጭ ቆመን ጠበቅን። ባለቤቴ «እንዳይታፈኑ» አለች። ስከፍተው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። አይናቸው ግን ክፍት ነው።

«እዚህ ነው የማድረው» አሉ።

አደሩም። ከትንሿ ልጄ ጋር። እኛ ደግሞ እሳቸው መደብ ላይ፣ ያንተ የድሮ ፎቶ ሥር። ጠዋት ወጥተው ፊታቸውን እየታጠቡ ያሉኝን ልንገርህ ብዬ ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቻለሁ። «ትሞቃለች። እኔ ልጄን ብርድ ይነካዋል ብዬ ነበር የምፈራ።»

ስንወጣ አንድ ቋጠሮ ሰጡኝ። በሶ ነው፣ ያንተ። «ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘህ» አሉ። ቀፎዋ ውስጥ፣ ከጀበናዋ ቀለበት አጠገብ አስቀመጥኩት። የሚሄድ ሰው ጠበቅሁ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጥቂት ቀን ከቤት አልወጣንም፤ ገበያ የለም፣ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀፎዋን ከፍቼ ቋጠሮውን አመጣሁት። ባለቤቴ በቅቤ ለወሰችው። ትንሿ «የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ያንተ መሆኑን ነገርኳት። «ይቆጣል?» አለች። አላውቅም አልኳት።

እናታችንን በስልክ ባገኘኋቸው ቁጥር «ደረሰለት?» ይሉኛል። «ደርሷል እማማ፣ ወዶታል» እላለሁ። እንግዲህ ስትደውልላቸው አታሳፍረኝ። ቋጠሮው አረንጓዴ ጥለት ያለው የነጠላ ቁራጭ ነው። በሶው የገብስ ነው፣ ጨው የለውም፣ ኮረሪማ ግን አለበት። ከጠየቁህ እንዳትሳሳት።

ወንድምህ