201 ሜትር አስፋልት ለእሑድ ጠዋት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከተማው ዳር በቀጥታ መስመር ለሚደረግ የመኪና እሽቅድድም የሚሆን ዝግ መንገድ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ርዕሱ ማመልከቻ ይመስላል፤ ነውም። ግን ትንሽ ጨዋታም አለበት። ሻይ ይዘው ቢያነቡት ይሻላል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ሌሊት ሰው ከተኛ በኋላ ሰፊው መንገድ ላይ ልጆች ሬስ ይገጥማሉ። ድሮ ቢሆን የሞተሩ ጩኸት ሰፈሩን ይቀሰቅስ ነበር። አሁን ብዙዎቹ መኪኖች የኤሌክትሪክ ናቸው። የሚሰማው የጎማ ሲጥታ ነው፣ ከዚያ ቀጭን ፉጨት፣ ከዚያ ዝም። ከሌሊት ፈረቃ የምትመለስ ሴት መንገዱን ስታቋርጥ ጆሮዋ አያድናትም። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይሄ ነው።

«ትራፊክ ፖሊስ ይላክልን» ብዬ ብጨርስ ይቀለኝ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ግን ልጆቹ ወደ ኮዬ ፈጬ ይሄዳሉ። ከዚያ ሲባረሩ ወደ ገላን። እኛም እንደዚያው ነበርን።

ያደግኩት አቃቂ ነው። በ1990ዎቹ አቃቂ በወረቀት የአዲስ አበባ አካል ይሁን እንጂ ኑሮው የትንሽ ከተማ ኑሮ ነበር። አባቶቻችን ፋብሪካ ነው የሚውሉት፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ መለዋወጫ፣ ብረታ ብረት። ቶርኖ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ማርሚታ ቆርጦ መበየድ፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶር ፈትቶ ማጠብ፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ አውጥቶ ቀለሙን ማየት ከኳስ እኩል ጨዋታችን ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ባዶ ነው። ርቀቱን የምንለካው በመብራት ምሰሶ ነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው። በኋላ ሳሰላው፣ ሌላው ዓለም ከሚሮጥበት 402 ሜትር፣ ማለትም ከሩብ ማይል ብዙም አይርቅም። አስጀማሪው መሐል ላይ ቆሞ ኮፍያውን ወደ ላይ ይወረውራል። ኮፍያው መሬት ሲነካ ነው መልቀቅ። የተሸነፈ ለሁሉም ፉል ይጋብዛል። ገንዘብ አንወራረድም ነበር፤ ከየት አባታችን አምጥተን!

ከሁሉም የማልረሳው የቮልሷንና የዲኤክሷን ግጥሚያ ነው። ቮልሷ የአንድ ጡረተኛ መምህር ናት። የሚነዳት ልጃቸው ነው። እሳቸው ያን ሰዓት ቅዳሴ ላይ ስለሆኑ መኪናቸው የት እንዳለች እግዜር ነው የሚያውቀው። ዲኤክሷ የጋራዥ ልጆች በመዋጮ ያቆሟት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አንዱ በር አረንጓዴ፣ ሌላው ነጭ። ዲኤክሷ ጉልበት አላት። ቮልሷ ግን ሞተሯ ከኋላ ነው። ክብደቷ የሚያርፈው በሚገፏት ጎማዎች ላይ ስለሆነ ስትለቀቅ አትንሸራተትም፣ አስፋልቱን ትነክሰዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሰሶዎች ሁልጊዜ የእሷ ናቸው። ከዚያ ዲኤክሷ ሦስተኛ ማርሽ ስታገኝ መቅረብ ትጀምራለች። ሰባተኛው ምሰሶ ላይ ጎን ለጎን። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚጮኸው።

ነገሩ ሁሉ ያለው የግራ እግር ላይ ነበር። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውን ፍሪሲዮን ቶሎ ከለቀቅከው ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። ከዘገየህ ሞተሩ ይታፈናል። የመምህሩ ልጅ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነበር የሚነዳው፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ በእግሩ ጣት ለማወቅ። ሌሎቻችን ሞከርነው፣ ብርድ ብቻ ነው ያተረፍነው።

ሌላው ጣጣችን አየሩ ነበር። ከተማችን ያለችው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አየር በግፊት የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ተራራ ላይ ይጥለዋል። ካርቡራቶሩ ደግሞ ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል፣ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ልጆቹ ቤንዚን የምታልፍባትን ቀዳዳ በጠባቧ ይቀይሯት ነበር። መጽሐፍ አላነበቡም። ካንዴላው ጥላሸት ሲለብስ አይተው ነው የደረሱበት።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ከፍታ አይነካውም። ፍሪሲዮንም የለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በየሰፈሩ እሱው ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድ ጊዜ ቢረግጠው የእኛ ዲኤክስ በሕልሟ ያላየችውን ጉልበት ያገኛል። ያኔ መኪናችን ደካማ መሆኗ ራሱ ይጠብቀን ነበር። እነዚህን ልጆች ምን ይጠብቃቸዋል?

እኛም ብንሆን የተረፍነው በዕድል ነው። መንገዱ ላይ አህያ ይገባል፣ ከብት ይገባል፣ ሰካራም ይገባል። አንድ እሑድ ዲኤክሷ ከመጨረሻው ምሰሶ በኋላ ፍሬን ስትይዝ ዞራ ቦይ ውስጥ ገባች። የሾፌሩ ክንድ ተሰበረ። ጤና ጣቢያ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለ። ነርሷ ግሪስ የጠጣ ቱታውን አየት አድርጋ «ደረጃው ስንት ማርሽ ነበረው?» አለችው። ከዚያ በኋላም አላቆምንም። ያቆምነው መንገዱ በከባድ መኪና ሲሞላ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አሜሪካ ይህን ነገር አልፋበታለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች በየጎዳናው ይሽቀዳደሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሳንታ አና የሚባል ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቋሚ መሮጫ ተከፈተላቸው። በ1951 ዋሊ ፓርክስ የሚባል ሰው ዛሬም ድረስ ስፖርቱን የሚመራውን ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ የመጀመሪያ ውድድሩን በ1953 ያደረገው ፖሞና ከተማ፣ ባዛር ሜዳ ግቢ ባለ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ልብ ይበሉልኝ፣ የከተማው ፖሊስ ተባብሯቸዋል። ልጆቹን የሚያሳድደው ያው ፖሊስ!

እኔ የምጠይቀው 402 ሜትር እንኳ አይደለም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮት ካሊታ የተባለ ታዋቂ ተወዳዳሪ በውድድር ላይ ሲሞት፣ ለፈጣኖቹ መኪኖች ርቀቱን ወደ 305 ሜትር አሳጥረውታል። ብዙ ትንንሽ ሜዳዎች ደግሞ በሩብ ማይሉ ግማሽ፣ በ201 ሜትር ነው የሚያወዳድሩት። ለእኛ እሱ ይበቃል። ፍጥነቱ ሰማይ ሳይነካ ያልቃል። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ግን ለመቆሚያ የሚሆን ከዚያ የሚበልጥ ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። የእኛን ሰው ቦይ ውስጥ የከተተው የእሱ መጥፋት ነው።

«የሀብታም ልጆች መጫወቻ ሊሆን ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ሾፌር ከመሮጡ በፊት ርቀቱን በስንት ሴኮንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይናገራል። ቀርፋፋው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይለቀቃል። ማንም አስቀድሞ ከተናገረው ሰዓት አሳንሶ ከገባ ይሸነፋል፣ ስለዚህ መዋሸት አያዋጣም። በዚህ ሕግ ቪትዝ ከአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ጋር ገጥማ ልታሸንፍ ትችላለች። የሚያሸንፈው መኪናውን የሚያውቅ ነው። በካልሲ የሚነዳው ልጅ ይህን ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው።

መንገድ መዝጋት ለከተማችን አዲስ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለታላቁ ሩጫ ይዘጋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳና ለእግረኛ ሲለቀቅ አይተናል። መሐል ከተማ ይዘጋልን አላልኩም። ከተማው ዳር ላይ ተሠርቶ ገና መኪና ያልበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ሞልቷል። በወር አንድ እሑድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይበቃል። ተመልካቹ ከአጥር ወዲያ ይቁም። አምቡላንስ ይኑር። ሄልሜት ያላደረገ አይሩጥ፤ ፍሬኑና ጎማው ያልተፈተሸ መኪናም መስመሩ ላይ አይቁም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቢገኙ ደግሞ ለእነሱም ትምህርት ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አንዴ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋም፣ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ከኮፈኑ ሥር ያሉት ብርቱካናማ ኬብሎችም ከፍተኛ ኃይል ያለባቸው ስለሆኑ በዘፈቀደ አይቆረጡም።

ሌሊት የሚሮጥ ሁሉ እሑድ ጠዋት ይመጣል አልልዎትም። ጨለማውን የሚወድ አለ፣ እሱን ፖሊስ ይያዘው። መኪናውን የሚወደው ግን ይመጣል። እኛ እንመጣ ነበር።

የድሮ ጓደኞቼ ዛሬ አብዛኞቹ ጋራዥ አላቸው። መኪና መፈተሹን በነጻ እንሠራለን ብለዋል። ለሙከራ አንድ እሑድ ቢፈቀድልን እንጀምራለን። ቀኑ ክረምት ሳይገባ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አናሯሩጥም።

ከሰላምታ ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፣ የአቃቂ ልጅ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን